ያልታረሰው ታችኛው ማሳ

ኦቦ ቀነዓን በቅርብ የማያውቅ ሰው ደሃ ናቸው ብሎ ይምላል። ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሲመጡ የሚለብሱት ኮት ክርኑ ላይ ሦስት ዓይነት ጨርቅ ተጥፎበታል። ቤታቸውም ከውጭ ሲታይ ጭቃው የረገፈ ነው። ውስጡ ግን በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ጎተራቸውም በዓመት ሁለቴ ይሞላል። ይህን የማውቀው ከዚያው ጎተራ ስንዴ ስለበላሁ ነው።

እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ ገዛኸኝ እባላለሁ። በባሌ፣ ከገሰራ ወጣ ብላ ባለችው በጨፌ ዲማ፣ ከጽሕፈት ቤቱ በር ፊት ለፊት አንዲት ጠረጴዛ አለችኝ። አያቴ ከመንዝ ቢመጡም እኔ አፌን የፈታሁት በአማርኛም በኦሮምኛም ነው፤ ስለዚህ በፈለጉት ቋንቋ እጽፋለሁ። ሰው ለንስሐ አባቱ የማይነግረውን ለእኔ ይነግረኛል፤ ማኅተም ይፈልጋላ።

ኦቦ ቀነዓ ስለ ሀብት የራሳቸው ትምህርት ነበራቸው። አባታቸው በንጉሡ ጊዜ ለባላባት ሲገብሩ በልጅነታቸው አይተዋል፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ ራሳቸው የኮታ እህል አስረክበዋል። ከዚያም ወዲህ መዋጮውና ስብሰባው ተፈራርቆባቸዋል። ከዚህ ሁሉ ያተረፉት አንድ ዕውቀት ነው፤ የሚታይ ሀብት የመንግሥት ነው፣ የማይታየው የራስ። የላይኛውን ማሳ በኮምባይነር ያሳጭዳሉ፣ ታችኛውን ግን ደቦ ጠርተው በማጭድ። የኮምባይነር ዋጋ በኩንታል ስለሚታሰብ ስንት እንደወጣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ ማጭድ ግን ምሥጢር ያውቃል ይሉ ነበር። ብልጠታቸው ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ታችኛው ማሳ ስምንት ቀርጥ ነው፤ ሁለት ሄክታር መሆኑ ነው። ወደ ወይብ ወንዝ ገደል የሚያዘነብል፣ የዘሩበትን የማይክድ ጥቁር አፈር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የመሬት ምዝገባ ሲመጣ ግብሩ በሄክታር እንደሚሰላ ተወራ። ያኔ ጨፌ ዲማ በአንድ ሳምንት ውስጥ የግጦሽ አገር ሆና አረፈችው። ገበሬው ሁሉ ከማሳው ከፊሉን «ይህማ የወል ግጦሽ ነው» አለ። ጎረቤታቸው ጀሊልና ሌሎች አራት ሽማግሌዎች ለእያንዳንዱ እየመሰከሩ የጣት አሻራቸውን አኖሩ፤ የራሱ «ግጦሽ» የሌለው ሽማግሌ አልነበረም። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኦቦ ቀነዓን ስጽፍማ ቀልጃለሁ፤ ከብቶቹ ስንዴ ማጨድ ጀመሩ ወይ ብያቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ዘንድሮ ከመንግሥት የተላኩ መሬት ለኪዎች መጡ። ቁጡ አልነበሩም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ይተክላሉ፣ ወደ ሚቀጥለው ይሄዳሉ። በእጃቸው ከሰማይ የተነሳ የአገሩ ፎቶ ነበር። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር፤ አሁን ሰማዩ ራሱ ቁልቁል ያየን ጀመር። የሰው አጥር፣ የሰው ጓሮ፣ የበሬው ፈር ሳይቀር ፎቶው ላይ ይታያል። መታረሱን እንጂ ማን እንዳረሰው ግን አይናገርም።

የመጀመሪያዎቹ አራት ችካሎች የቆሙት ኦቦ ቀነዓ ታችኛው ማሳ ላይ ነበር፣ ስንዴው ገና ብቅ እንዳለ። ችካሉን የነቀለ የለም። ሰው መንገዱን አዙሮ በላይ በኩል መሄድ ጀመረ፤ ደቦ የበሉ ሰዎች እንኳ ወደዚያ አያዩም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የወል ግጦሽ የሆነው ሁሉ ለተደራጁ ወጣቶች ይሰጣል፤ የእኔ ነው የሚል በስብሰባው ቀን ምስክሩን ያቅርብ ይላል።

ማስታወቂያውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ስጨርስ ቁጭ አሉና ስለ ሌንሳ አወሩኝ። ሌንሳ ልጃቸው ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሁለት ሕፃናት ይዛ ተመልሳለች። የላይኛው ማሳ ለወንዶቹ ተከፋፍሎ አልቋል፤ ታችኛው የእሷ ነው ብለው ቃል ሰጥተዋታል። የአሥራ አንዱን ዓመት ግብር ከነመቀጫው ልክፈል፣ በሬዎቼንም ልሽጥ፣ ብቻ የቀነዓ ነው የሚልልኝ አንድ ሰው ይገኝ አሉ።

ስብሰባው ከጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ባለው ጥድ ሥር ተደረገ። የለኪዎቹ ኃላፊ ትሑት ወጣት ነው፤ ሽማግሌዎቹን አንቱ እያለ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እኔ የጻፍኩትን ወረቀት አንድ ቃል ሳያጎድል አነበበው። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና ጠየቀ።

«ይህን መሬት ኦቦ ቀነዓ ሲያርሱት ያየ ሰው አለ?»

መቶ ሰው ነበር። መቶውም አይቷል፤ ግማሹ አጭዶበታል። ግን አየሁ የሚል ሰው ያኔ ዋሽቻለሁ ማለቱ ነው፣ ያኔ የዋሸ ደግሞ የራሱም ግጦሽ ይመረመራል። ጀሊል መቁጠሪያውን እያንከባለለ መሬት መሬት አየ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የዚያን ቀን ግን የመንደሩ ዝምታ ሲሸት ተሰማኝ።

እኔስ? እኔ አንድ ቀርጥ መሬት የለኝም፤ የሚለካብኝ ነገር አልነበረም። መናገር የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን ሐሰተኛ ሰነድ የጻፈው ማነው ይባላል፤ ጠረጴዛዬም ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ትነሳለች። ኦቦ ቀነዓ ሰውን አንድ በአንድ ሲያዩ እኔ ጋ ደረሱ። ስሜን አልጠሩም፤ ዓይናቸው አልፎኝ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሴን እጠላዋለሁ።

ኃላፊው መሬቱ የወል መሆኑን መዘገበ። ቀጥሎም በዚያው በትሑት ድምፁ፣ ፎቶው የወል ግጦሹ አሥራ አንድ ዓመት ሲታረስ እንደኖረ ያሳያል አለ። የወል መሬት ማረስ ወንጀል ስለሆነ፣ ኦቦ ቀነዓ እስከ ዓርብ ድረስ አላረስኩም ብለው በጽሑፍ ካላረጋገጡ ይከሰሳሉ።

ሐሙስ ጠዋት መጡ። ሌንሳ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ከኋላቸው ጀሊል የራሱን ወረቀት ይዞ ተራ ይጠብቃል፤ ችካሉ ትናንት የእሱ አጥር ጋ ደርሷል። የሳቸውን ዓይን አያይም።

«ጻፍ፣ ገዛኸኝ» አሉኝ።

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ ኦቦ?»

«ታችኛውን ማሳ አርሼው አላውቅም በል። ያረሰውንም አላውቅም።»

ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም፤ ሁለት መስመር ነው፣ ግን እጄ ደጋግሞ ቆመ። ስለ ስብሰባው ይቅርታ ልጠይቃቸው ኦቦ ብዬ ስጀምር ቀለሙን አምጣ ብለው አቋረጡኝ። አውራ ጣታቸውን ይዤ ሰማያዊው ቀለም ላይ ጫንኩት። ሞፈር የጨበጠ ጣት ነው፤ ከጥፍሩ እስከ መገጣጠሚያው የተሰነጣጠቀ። ወረቀቱ ላይ ያረፈው አሻራም ሙሉ አልነበረም፣ በነጭ ስንጥቅ የተቆራረጠ ነበር። አርሼ አላውቅም ከሚለው ቃል በታች ቁጭ አለ።

ሌንሳ ነጠላዋን በምራቋ አርሳ የአባቷን ጣት ጠረገች። ደጋግማ ጠረገችው፤ ቀለሙ ከስንጥቁ ውስጥ አልወጣም።