ተሻለ የሥራ ቲሸርቱን የገለበጠ ዕለት

ቀለም ቀቢው ተሻለ ዲላ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ሥዕል ያለበት ቲሸርት ካየ ደግሞ ልቡ አይችልም። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው። እኩዮቹ በኮትና በሸሚዝ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እሱ ከኮቱ ሥር ወይ ነብር ወይ አውሮፕላን የተሳለበት ቲሸርት አያጣም። ሚስቱ ጸሐይ «ልጅ ልትድር ነው፣ አሁንስ ተው» ብላ ብላ ሲደክማት ትታዋለች።

ይህ አመል የጀመረው በልጅነቱ ነው። አባቱ ጨለለቅቱ ገበያ ላይ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ቢጫ ፈረስ ያለበት ቲሸርት መዞ ገዛለት። እጅጌው ክርኑን አልፎ ይወርድ ነበር፤ እሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ለብሶት ተኛ። ከዚያ ወዲህ የወደደውን ሁሉ አልጋው ሥር ባለች የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አጣጥፎ ያስቀምጣል። የክትባት ዘመቻው አለ፤ ወርቃ ከተማ የቡና ማጠቢያ አጥር ሲቀባ የሰጡት አለ፤ የመዘምራን ጉባኤው አለ፤ የመጀመሪያ ልጁ ሮሆቦት የተወለደች ቀን የለበሰው አለ። እንግዳ ቤቱ ከገባ ሳጥኑን ስቦ አንድ በአንድ እያነሣ ያወራል። «እናንተ ጨርቅ ይመስላችኋል፤ እያንዳንዱ አንድ ሰው ነው» ይላል። እንዲህ ብሎ መኩራራቱ ዛሬ ትዝ ባለው ቁጥር ያንገበግበዋል።

ከሳጥኑ ሌላ ጆንያ አለው። ሳጥን ያልገባ ቲሸርት ጆንያ ይገባል፤ ጆንያ የገባ የሥራ ልብስ ነው። የሥራ ልብሱን የሚለብሰው ደግሞ ገልብጦ፣ የውስጡን ወደ ውጭ አድርጎ ነው። ቀለሙ የሚረጨው በግልባጩ ላይ ስለሆነ፣ የቤቱ ባለቤት ለምሳ ግባ ሲለው መልሶ ያቀናውና ንጹሕ ሰው መስሎ ማዕድ ይቀርባል። ሌሎቹ ቀቢዎች ይስቁበታል። ይሳቁ እንጂ፣ እሱ በዚህ ዘዴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ወንበር ሳያበላሽ በልቷል።

ባለፈው ጥር እትዬ ሮማነወርቅ አስጠሩት። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የተሻለንም ልጆች ፊደል ያስቆጠሩ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ራሄል ልትዳር ነውና ቤቱን ከውስጥም ከውጭም እንዲቀባላቸው ፈለጉ። ከራሄል ሌላ ልዑልሰገድ የሚባል ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሐዋሳ ሲማር ታሞ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ተሻለን ይወደው ነበር። ለእረፍት በመጣ ቁጥር ሥዕል ያለበት ቲሸርት እየፈለገ ያመጣለት ነበር።

የሥራው የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ተሻለ ከጆንያው እጁ የገባለትን አወጣና እንደ ተገለበጠ ለበሰ። ሳሎኑን እስከ ቀትር ቀባ። ምሳ ደረሰ ሲባል ከጓሮው ቧንቧ ፊቱን ታጠበ፤ ዓይኑን ሳሙና እየቆጠቆጠው ቲሸርቱን አውልቆ አቀናና መልሶ አጠለቀው። ደረቱን አላየም። እግሩን ጠርጎ ገባ።

እትዬ ሮማነወርቅ ሽሮውን ይዘው ከጓዳ ሲወጡ ባሉበት ቆሙ። ራሄል ሳህኑን ባትቀበላቸው መሬት ነበር። ተሻለ ነገሩ አልገባውም፤ ዓይናቸውን ተከትሎ ወደ ገዛ ደረቱ አጎነበሰ። ልዑልሰገድ ነበር። ከላይ ወደ ታች ሲያዩት የተዘቀዘቀ ቢሆንም ፊቱ አይጠፋም፤ ይስቃል።

ለቀብሩ የሰፈር ልጆች ያሳተሙት ቲሸርት ነው። ያኔ ሁሉም ለብሶት ነበር፤ ተሻለም ለብሶ ከልቡ አልቅሷል። ሐዘኑ ሲበርድ ግን የሞተ ሰው ፎቶ ለብሼ የት እሄዳለሁ አለ። ጨርቁም ወፍራም ነው፣ ላብ ይመጥጣል ብሎ በገዛ እጁ ጆንያው ውስጥ ከተተው፤ ከዚያም ረሳው። ልጁ ያመጣለት ነብርና አውሮፕላን እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ስጦታውን በሳጥን፣ ሰጪውን በጆንያ። ይህ ፊት በላቡ ተነክሮ ስንት አጥር፣ ስንት ሽንት ቤት አብሮት ቀብቷል? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«ለእኔ ብለህ ነው» አሉ እትዬ ሮማነወርቅ። «የእህቱ ሰርግ ቤት ሲቀባ ልዑሌም ይኑርበት ብለህ ነው። እኔ እናቱ እንኳ አልችል ብዬ ፎቶውን ከግድግዳ አውርጃለሁ። አንተ አቆየህልኝ።»

ተሻለ «እትዬ፣ እኔ እኮ» ብሎ ጀመረ። እውነቱ አፉ ላይ ነበር፤ ጉርሻው ቀደመው። ሁለት ጊዜ አጎረሱት፣ ልጆችህ ይባረኩ አሉት፣ ከዚያም ጎረቤት ጠርተው አሳዩት። ጎረቤቲቱም ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል ብላ መረቀችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያኝካል። ምርቃቱ እንደ ስድብ ይሰማዋል። የሰረቁትን መብላት ይህን ያህል የሚከብድ አይመስለውም።

ራሄል እጅ ልታስታጥበው መጣች። ጎንበስ ሲልላት የአንገትጌው ጫፍ ተቀልብሶ ኖሮ፣ ልታቀናለት እጇን ሰደደች። ጣቷ ክሬም ቀለም ይዞ ተመለሰ። እርጥብ ነው፤ የዚያው ጠዋት፣ የራሳቸው ሳሎን ቀለም። ጣቷን አየች፣ እሱን አየች፣ በፎጣው ጠረገችው።

በረንዳው ላይ ተከትላው ወጣች። ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትሰድበው ደስ ባለው። «ጋሽ ተሻለ፣ እንዳይነግሯት» አለችው ቀስ ብላ። «ከዛሬ በፊት ስሙን ስትጠራ ከሰማሁ ዓመት አልፏል። ለእርስዎ ብዬ አይደለም።»

ከሰዓት በኋላ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ነበር የሚጠብቀው። ተሻለ መሰላሉ ሥር ቆሞ ግራ ገባው። ቲሸርቱን ቢገለብጠው የስድስት ዓመት ቀለም ሊታይ ነው፤ ባይገለብጠው ልጁ ፊት ላይ ሊረጭ ነው። ሌላ ልብስ አልያዘም፣ በሰው ግቢ ራቁቱን አይቆም። ቤቴ ደርሼ ልምጣ ሊል ሲያስብ እትዬ ሮማነወርቅ ወንበር አስወጥተው ከመሰላሉ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልጄን እያየሁ ልዋል አሉ።

ወጣ። ደረቱን ከግድግዳው አርቆ፣ ብሩሹን በተዘረጋ ክንዱ ይዞ፣ አንዲት ጠብታ እንዳታርፍበት ትንፋሹን ውጦ መቀባት ጀመረ። ክንዱ ዛለ። ከኋላው የተቀመጡት ሴትዮ መነጽራቸውን ሲያወጡ የማኅደሩ ክዳን ጠቅ ሲል ሰማ። የቲሸርቱ ጀርባ ላይ ጽሑፍ እንዳለ ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ ምን እንደሚል ግን ጨርሶ ጠፋበት።

እትዬ ሮማነወርቅ ክፍል ውስጥ እንደሚያስነብቡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡለት።

«ልዑሌ፣ መቼም አንረሳህም።»

ከዚያም «ይኸው፣ እውነትም አልረሱህም» አሉ፤ ለልጃቸው ነው የሚናገሩት። ተሻለ ፊቱን ከግድግዳው አላዞረም።