ለክፉ ቀን የተቀመጠችው ብስክሌት

ሸዋሉል ብስክሌት መንዳት የተማረችው አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ስቶክሆልም አጠገብ ባለችው ሁዲንጌ ውስጥ ለውጭ አገር ተወላጅ ሴቶች በተከፈተ ኮርስ ላይ ሌሎቹ ሲወድቁ ይስቃሉ፣ አንዷ ሌላዋን ታነሳለች። እሷ አትስቅም። ጥርሷን ነክሳ፣ መሪውን እንደ ጠላት አንገት ጨብጣ ትዞራለች። አስተማሪዋ "ዘና በይ እንጂ፣ መዝናኛ እኮ ነው" ስትላት "ለእኔ መዝናኛ አይደለም" ብላ መለሰችላት።

ምክንያቱን የሚያውቀው ባሏ ሕሩይ ብቻ ነበር። ደርግ በወደቀበት ሰሞን፣ ጉለሌ ሳሉ፣ አባቷ አስም ተነሳባቸው። ታክሲ የለም፤ መኪና ያለው ነዳጅ የለውም፤ ሁለቱም ያለው ደግሞ ከግቢው መውጣት ፈራ። በመጨረሻ ሀይሌ የሚባል ጎረቤታቸው አሮጌ ብስክሌቱን አወጣ። አባቷን ኮርቻው ላይ አስቀምጠው፣ እሱ መሪውን ይዞ ሲገፋ እሷ በትከሻዋ ደግፋ፣ የጥይት ድምፅ እየሰሙ ጳውሎስ ሆስፒታል አደረሷቸው። አባቷ ተርፈው የልጅ ልጅ አዩ። ሸዋሉልም ከዚያ ወዲህ ነዳጅ የማይጠጣ፣ መብራት የማይለምን ነገር ከቤት መጥፋት የለበትም ትላለች።

ስቶክሆልም መጥታ ሥራ እንደያዘች ብስክሌት ገዛች። በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ብረት የተተከለበት ጎማ አስገጠመችላት፤ ከኋላ ደግሞ ሰው ቢጫንበት የማይጎብጥ የዕቃ መጫኛ። ከግራና ከቀኝ በተንጠለጠሉት ቦርሳዎች ውስጥ ፓምፕ፣ የጎማ ማጣበቂያ፣ ፋሻ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ብርድ ልብስና ዳቦ ቆሎ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሕንጻው የብስክሌት ክፍል ወርዳ ሰንሰለቷን ዘይት ትቀባለች።

ሕሩይ ከስቶክሆልም ወጣ ብላ ባለችው ሶደርተልየ የጭነት መኪና ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ሲያያት ይስቃል። "ሸዋ፣ ይሄ ስዊድን እኮ ነው። እዚህ ባቡር የሚቆመው ሰው ለመጫን ብቻ ነው።"

ልጃቸው ሊና ለጓደኞቿ በስዊድንኛ "እናቴ የዓለምን መጨረሻ እየጠበቀች ነው" እያለች ታስቃቸዋለች። የማኅበሯ ሴቶች "ኮማንዶ" የሚል ስም አወጡላት። ሸዋሉል ይሄ ሁሉ ያናድዳታል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚያናድዳት ምድር ቤት የሚኖረው እሸቱ ነበር። ብስክሌቱን ከደጃፉ ብረት ጋር አስደግፎ ዓመቱን ሙሉ ዝናብና በረዶ ያስመታዋል። ባየችው ቁጥር ትቆጣዋለች።

"እሸቱ፣ ይሄ እኮ አንድ ቀን ነፍስ ያድናል።"

"እሱ ራሱ ነፍስ አለው ብለሽ ነው?" ይላታል እየሳቀ።

በኅዳር ወር አንድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው እርጥብ በረዶ ዛፎቹን በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ጣላቸው። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋ። አውቶቡስ የለም። ባቡሩም ቆመ፤ ሕሩይ ከሶደርተልየ ደውሎ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ጣቢያ ላይ መቅረቱን ነገራት። ሸዋሉል "ሰው ለመጫን ነው የቆመው?" ልትለው ፈለገችና ተወችው።

ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ መርዳት ነው። ከምትረዳቸው መካከል እትዬ ከበደች የሚባሉ ስዊድንኛ የማያውቁ እናት አሉ። ሳንባቸው ደክሞ ኦክስጂን የሚሰጣቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን ነው። አልጋቸው አጠገብ መጠባበቂያ ሲሊንደር ቆሟል፤ ነገር ግን ሪህ የያዘው እጃቸው መክፈቻውን ማዞር አይችልም። ሸዋሉል ደወለችላቸው። አያነሱም። ደግማ ደወለች። አምቡላንስ ጠራች፤ እንደሚልኩ ነገሯት፣ ግን መንገድ ላይ ዛፍ ስለወደቀ መቼ እንደሚደርስ አያውቁም።

እየሮጠች ደረጃውን ወረደች። ፈርታለች፤ ደስታ የሚመስል ነገርም ተሰምቷት ነበር፣ በኋላ ስታስበው ያሳፈራት። ብስክሌቷ ለዚህ ቀን ነው የተቀመጠችው።

የብስክሌት ክፍሉ በር ላይ ደርሳ ከቁልፎቿ ጋር የታሰረችውን ታግ የሚሏትን የኤሌክትሮኒክ መክፈቻ በሩ ማንበቢያ ላይ አስጠጋች። ምንም። እንደገና አስጠጋች። አረንጓዴዋ መብራት የለችም፣ ድምፅ የለም። ያን ጊዜ ገባት። የቤት አከራዩ ድርጅት ባለፈው ዓመት የብረት ቁልፉን ሰብስቦ በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር አስገጥሟል።

በትንሿ ባለፍርግርግ መስኮት አጎንብሳ አየች። ብስክሌቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ጎማዋ እንደተነፋ፣ ቦርሳዋ እንደሞላ። በሩን በእግሯ መታችው። በትከሻዋ ገፋችው። የአከራዩ የድንገተኛ ጥሪ ስልክ ላይ ደወለች፤ የተቀዳ ድምፅ ወረፋ እንድትጠብቅ ነገራትና ሙዚቃ ለቀቀባት። ሙዚቃውን እየሰማች ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እልህ ነበር።

እሸቱ የሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርት ደርቦ ብቅ አለ። "ምን ሆነሽ ነው?"

ነገረችው። በሩን አብሯት ገፋ፤ አልነቃነቅም አለ። ከዚያ ወጥቶ በደጃፉ የቆመውን ብስክሌት በረዶ በክንዱ ጠረገው።

"ይሄ ይሻልሻል ወይስ በእግርሽ መሄድ?"

ሸዋሉል አየችው። ሰንሰለቱ ዝጎ ቀይ ሆኗል። የፊቱ ጎማ ግማሽ ንፋስ አለው፣ የኋላው ምንም።

"ፓምፕ አለህ?"

"ከየት አምጥቼ?"

ፓምፑ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ቦርሳው በሩ ውስጥ። ስድብ አፏ ላይ መጣ፤ ዋጠችውና ብስክሌቱ ላይ ወጣች።

ቁልቁለቱን የኋላው ጎማ ንፋስ ስለሌለው በብረቱ እየተንኳኳች ወረደች፤ መታጠፊያው ላይ ተንሸራታ በጉልበቷ ወደቀች። ዳገቱን በእግሯ እየገፋች ወጣች። ሜዳው ላይ መንዳት ስትጀምር ሰንሰለቱ ወለቀ። በባዶ እጇ፣ ጣቶቿ በብርድ ደንዝዘው፣ መልሳ አስገባችው። እንደገና ወለቀ። "አንተ የተረገምክ" ትለዋለች ብስክሌቱን፤ እሸቱን ትለዋለች፤ ታግ ያመጣባትን አከራይ ትለዋለች። ቢሆንም በእግሯ ከምትደርሰው ቀድማ ደረሰች።

የእትዬ ከበደችን በር የከፈተችው ድሮ በሰጧት የብረት ቁልፍ ነው። እትዬ ከበደች አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል።

"መጣሁልዎ እትዬ። አይናገሩ።"

መክፈቻውን አዞረች፣ ቱቦውን ከማሽኑ ነቅላ ሲሊንደሩ ላይ ሰካች፣ አፍንጫቸው ላይ አስተካከለችላቸው። አጠገባቸው ተቀምጣ ጀርባቸውን ደገፈች። ትንፋሻቸው ቀስ በቀስ ተረጋጋ።

"በምን መጣሽ ልጄ?" አሉ በመጨረሻ።

"በብስክሌት።"

"በዚያች ለክፉ ቀን ባልሻት?"

"የለም እትዬ። እሷ ተቆልፎባታል።"

እትዬ ከበደች አዩዋት፤ ሊስቁ ሲሉ ሳል ያዛቸው።

አምቡላንሱ ከቀትር በፊት መጥቶ ሆስፒታል ወሰዳቸው። ሐኪሞቹ ጥቂት ቀን አቆይተው በሰላም ወደ ቤታቸው መለሷቸው።

መብራቱ ሲመለስ ሸዋሉል ጉልበቷ እንዳበጠ ወደ አከራዩ ቢሮ ሄደች። አንዲት ወጣት ሴት በትሕትና ሰማቻት።

"መብራት ሲጠፋ በሩ ተቆልፎ የሚቀረው ሌባ እንዳይገባ ነው" አለቻት።

"እኔስ? ባለቤቷ?"

"አስተያየትሽን እናስተላልፋለን።"

"ለማን?"

ወጣቷ ለማን እንደሆነ አላወቀችም። ሸዋሉል ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ያው ነው የተባለችው። አራተኛ መሄዱ አስጠላት። ብስክሌቷን ከክፍሉ አወጣችና ፎቅ ላይ ወስዳ የመኝታ ቤት ግድግዳ ላይ አስደገፈቻት። በሊፍት አልገባ ብላ በደረጃ ስታወጣት ሊና ጎማውን ከኋላ ያዘችላት። በስዊድንኛ "ክብደቷ አይቻልም" ከማለት በቀር አላሾፈችም።

ማታ ሕሩይ መጥቶ መጋረጃው ላይ የተለጠፈውን የሰንሰለት ጥቁር ቅባት አየ። ከዚያ ብስክሌቷን አየ። ሸዋሉል አልጋው ላይ ገና ያልሻረውን ጉልበቷን በበረዶ ከረጢት ይዛ ለጠብ ተዘጋጅታ ትጠብቀው ነበር።

"ምንም እንዳትለኝ" አለችው።

"ምን አልኩሽ?" አለ። ካፖርቱን አወለቀና የሚሰቅልበት ፈልጎ ዞር ዞር ሲል፣ ማንጠልጠያው በብስክሌቷ ተሸፍኗል። ካፖርቱን ወንበር ላይ ጥሎ ቅባቱን የሚጠርግበት ጨርቅ ሊያመጣ ወጣ።