ከሸጎሌ እስከ ዓይን ክፍል፣ በቢጫ መብራት

12:30 ጠዋት፣ ሸጎሌ

ጭጋጉ ከግቢው አልወጣም። እናቴ የሆስፒታል ካርዷን በፌስታል ይዛ ከኋላ ተቀምጣለች። የዓይን ሞራዋ የሚገፈፈው ዛሬ 2:30 ላይ ነው። ባለፈው ታክሲ አጥተን አረፈድንና ሌላ አራት ወር ጠበቀች። ለዚህ ነው የወንድሜን መኪና የተዋስኩት። ሞተሩን ሳስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ ሌላው መብራት ሁሉ ጠፍቶ አንድ ቢጫ ቀረ፤ ክዳኑ የተነሳ ድስት ይመስላል፣ መሃሉ ላይ ቃለ አጋኖ።

«ጎማ ነፋስ ጎድሎታል እያለ ነው» አልኩ።

ከጎኔ የተቀመጠው አባቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ዱላውን ይዞ ወረደ፤ አራቱንም ጎማ እየመታ አዳመጠ። የድሮ ሾፌሮች የሚለኩት እንዲህ ነው፤ የሞላው ጎማ ዱላውን ያነጥረዋል፣ የጎደለው ድምፁን ያፍነዋል።

«ሁሉም ደህና ናቸው። አምፖል ነው የሚያዝህ? ንዳ።»

1:00፣ ቁልቁለቱ ላይ

ከፊታችን በጎች፣ ከኋላችን ጥሩምባ የማይሰለቸው ሚኒባስ። መሪው ወደ ቀኝ ይስበኛል።

«አባዬ፣ እየጎተተኝ ነው።»

«መንገዱ ነው።»

«መንገዱ ቀጥ ያለ ነው።»

«ወይ ተስማሙ» አለች እናቴ፣ «ወይ አውርዱኝና በእግሬ ልሂድ።»

1:20፣ አዲሱ ገበያ

ጎሚስታው ጋ አንድ ሚኒባስ ቀድሞናል። ግማሽ ሰዓት ቆምን። ተራችን ሲደርስ ጎሚስታው መለኪያውን እየሰካ ጮክ ብሎ ያነባል። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አንድ። ከኋላ በስተቀኝ፣ አሥራ አራት።

«በዚህ ነው የመጣችሁት? ደህና ነው ያላችሁ ማነው?»

እኔ ጫማዬን አየሁ። አባቴ ዱላውን ወደ ጀርባው አዞረ። ጎሚስታው ግን አይቶታል።

«አባባ፣ ይሄ የጭነት ጎማ አይደለም። በዱላ አይናገርም።»

ጎማውን ፈትቶ ውኃ የሞላ በርሜል ውስጥ ነከረው፤ አረፋው ተግተለተለ። ሚስማር ነበር። ደፍኖ፣ ነፍቶ መልሶ ሲያስረው 2:15 ሆነ። መብራቱ አልጠፋም።

«ትንሽ ስትነዳው ይጠፋል» አለኝ።

2:35፣ ሽሮ ሜዳ

መንገዱ በመኪና ተዘግቷል። ጋቢ የሰቀሉ ሱቆች ሲከፈቱ ቁጭ ብለን እናያለን። እናቴ ስንት ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ አቁማለች። መብራቱ መቼ እንደጠፋ አላየሁም።

2:55፣ ሆስፒታል

በካርድ ክፍሉ መስኮት በኩል ያለችው ሠራተኛ ቀና ሳትል «አርፍዳችኋል፤ ሌላ ቀጠሮ ልስጣችሁ» አለች።

አፌን ስከፍት አባቴ በክርኑ ገፋ አደረገኝና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጎማው ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ለብሳ ተቀምጣለች።»

በሕይወቴ «ጥፋቴ ነው» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

«የምን ጎማ ነው አባባ?»

ነገራት። ዱላውን፣ ሚስማሩን፣ አሥራ አራቱን፣ አንዱንም አልደበቀም። ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። እሷም ከንፈሯን ነክሳ እጇን በመስኮቱ ዘረጋች።

«ካርዱን ያምጡት።»

እናቴ ነጠላዋን ለአባቴ አስይዛ ገባች። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንድ ነገር ልለው ዞር ስል፣ ነጠላዋን እንደታቀፈ እንቅልፍ ወስዶታል።