ወረፋ ላይ ያገኘኋቸው ባለመድኃኒት

ባለቤቴ በወለደች በሳምንቷ ሞተች። ጪጩ የሚባል መንደር የሚኖሩ አንድ ባለመድኃኒት ሽማግሌ «ሐኪም ቤት ከወሰዳችኋት አትተርፍም» ብለው አስቀርተዋት ነበር።

እኔ ቡአ ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ስድስት ዓመት ቢያልፍም ብሽሽቴን መውጋቱ አልተወኝም። ዘመዶቼ እኚሁ ሽማግሌ በጋለ ብረት እንዲተኩሱኝ መከሩኝ። እኔም ከሞትኩ ልጄ ሰው የላትም ብዬ፣ የአራት ወሯን ሕፃን ታቅፌ ዲላ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ወረፋ ስጠብቅ ሽማግሌው እሳቸውም ብሽሽታቸውን ይዘው፣ እያነከሱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምነው አባባ፣ ብረቱ ጠፋ እንዴ?» አልኳቸው።

«የራስን ገላ መተኮስ ያስፈራል፣ ልጄ። ደግሞ እዚህ እንዳየኸኝ ለሰው እንዳታወራ።»

በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰር ስሜን ጠራ። ሕፃኗን ክንዳቸው ላይ አስቀመጥኩና «እናቷን ያውቋታል» ብያቸው ገባሁ።