ልብስ ሰፊዋና የላላው ስፖኪዮ

እንኳን ደስ አላችሁ! አለፈች! ዛሬ ረፋድ ላይ፣ በሦስተኛው ሙከራ፣ ተሰላፊው ሁሉ እያየ አለፈች! ማኅተሙ ወረቀቷ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ከደስታዬ ብዛት አጠገቤ የቆመውን የማላውቀውን ሰው አቅፌ ሳምኩት፤ ሰውየው ግራ ተጋብቶ «እ... እኔንም እንኳን ደስ አለኝ» አለ።

ተማሪ መስላችሁ ከሆነ ተሸውዳችኋል። ያለፈችው ወተት የመሰለች፣ ሁለት በር ያላት፣ ከእኔ በአንድ ዓመት ብቻ የምታንስ መኪና ናት። እኔ ደግሞ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ። አባታችን ሲሞት ለሦስት ልጆቹ ትቷት ነው የሄደው፤ የምትነዳት ግን ታላቅ እህቴ ብቻ ናት። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ይህን ሁሉ ቁመትና ወርድ ይዤ ዛሬም «ሚጢጢ» ትለኛለች።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ካፖርትና የሥራ ልብስ ሰፍታለች። ስታወራ ከከንፈሯ ጥግ ሁለት ሦስት መርፌ ስለማይጠፋ አዲስ ደንበኛ የተቆጣችው ይመስለዋል። የሚያውቃት ሰው ሁልጊዜ በስተቀኟ ነው የሚቆመው። ግራ ጆሮዋ በሰባት ዓመቷ በያዛት ትኩሳት ሰበብ መስማት አቁሟል።

አባባ መኪና መንዳት ሊያስተምራት ሲነሳ ዘመድ አዝማዱ «ጥሩምባ በቅጡ የማትሰማ ልጅ መሪ ልታስይዛት? አብደሃል እንዴ?» ብሎ ጮኸበት። መኪናዋ ስትሠራ የጎን መስታወት አልነበራትም። እሱ በገዛ እጁ የግራውን በር በሳና ክብ ስፖኪዮ ገጠመላት። «ጆሮሽ ይኸውልሽ፤ በዓይንሽ አድምጪ» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ከኋላዋ የሚመጣውን ሁሉ በዚያች መስታወት ነው የምትሰማው።

ዘንድሮ ግን ስፖኪዮው ላላ። ሞተሩ ሲነሳ መስታወቱ ይንቀጠቀጥና አንዱ ሞተር ብስክሌት አራት ሆኖ ይታያል። ለዓመታዊው ምርመራ ከመሄዷ በፊት የሰፈራችን መካኒክ ብሎኖቹን ጠበቅ ጠበቅ አደረገላት። መርማሪው ሪዛቸው በሁለቱም በኩል ወደ ላይ የተጠመዘዘ ሰውዬ ናቸው። ሞተሩን ያስነሱና ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ሪዝ በመስታወቱ ያያሉ፤ ፈተናው ይኸው ነው! «ሪዜ ጭፈራ ይዟል፤ አይሆንም» አሉ። መካኒኩ ብሎኖቹን በወፍራም ቀየራቸው። በሁለተኛው ሙከራ ጭፈራው ጭራሽ ባሰበት። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ ከወደቀች ታርጋዋን ፈትተው ይወስዳሉ።

ይህን ጊዜ ታላቅ ወንድማችን፣ ጋሼ፣ ገዢ ይዞ መጣ። ገዢው ሆቴል አለው። መኪናዋን ሆቴሉ በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሯን አውጥቶ፣ ሆዷ ውስጥ አበባ ሊተክልባት ነው!

«ምን ይጎድልባታል?» አለ ጋሼ። «ውኃ ትጠጣለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች።»

«አንተስ ጡረታ ከወጣህ ጀምሮ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አይደል የምትውለው? አናትህ ላይ አበባ ልትከልብህ?» አለችው እትዬ ከነመርፌዋ።

እኔ ሳቄን ማፈን አቃተኝ። ጋሼ ግን አልሳቀም። «ያ መስታወት ከድቶሽ አንድ ቀን መኪና ቢገጭሽስ? አንቺ እስክትመለሺ ድረስ ልቤ ተንጠልጥሎ መዋል ሰለቸኝ፤ እውነቴን ነው» አላት። እትዬም መኪናዋ በሦስተኛውም ከወደቀች የሽያጩን ወረቀት ልትፈርምለት ቃል ገባች። ቃሏን የሰጠችው መርፌዎቿን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ነው። እንደዚያ ስታደርግ አይቻት አላውቅም።

ምርመራው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሱቋ ቁጭ ብዬ የተወሳሰበ ክር እፈታላታለሁ። አንድ ደንበኛ ከባድ የሱፍ ካፖርት ይዞ ገባ። ቁልፉ ጨርቁን ይዞ ተገንጥሏል።

«እትዬ፣ ይቺን ቁልፍ ሳሰፋ ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው። ጠንከር ያለ ክር የለዎትም?»

«ጨርቁን የገደለውማ ጠንካራው ክር ነው» አለችው። ቀዳዳውን ጠገነችና ከካፖርቱ በውስጥ በኩል፣ ቁልፉ በሚያርፍበት ልክ፣ ሌላ ትንሽ ቁልፍ አስደግፋ ሁለቱን አንድ ላይ ትሰፋቸው ጀመር። «አየህ፣ አሁን ሸክሙን የሚችለው ጨርቁ አይደለም፤ ከኋላ ያለው ትንሹ...»

መርፌዋ አየር ላይ ቀረ።

«እትዬ?» አልኳት። በቀኝ ጆሮዋ በኩል ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ሚጢጢ፣ ያ መካኒክ እኮ ብሎኑን ባጠበቀ ቁጥር ጨርቁን እየቀደደው ነው!»

«የምን ጨርቅ?»

«የበሩን! የበሩን ላሜራ!»

እናንተዬ፣ ብሎኑ መቼ ላላ? የደከመው ስሱ የበሩ ቆርቆሮ ነው! ብሎኑ በወፈረ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከውስጥ ደግሞ የሚደግፈው የለም። ሦስታችን፣ መካኒኩም ጭምር፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ስናጠብቅ የኖርነው ቀዳዳ ነው! እትዬ ጠረጴዛዋ ሥር ገብታ ከሞተ አሮጌ የስፌት መኪና ላይ መዳፍ የምታክል ለጥ ያለች ብረት ፈትታ አወጣችና መኪናዋ ወደቆመችበት ወደ መካኒኩ ጋራዥ ሮጠች። ስልሳ ዓመቷ ነው፤ ሮጠች ነው የምላችሁ! ደንበኛው ክርና መርፌ የተንጠለጠለበትን ካፖርት ታቅፎ ቆሞ ቀረ።

መካኒኩ ብረቷን አገላብጦ አየና «እትዬ፣ ሙያዬን ሊነጥቁኝ መጡ? እንግዲያው እኔም ከነገ ጀምሮ ሱሪ እሰፋለሁ» አላት።

«አንተ በሰፋኸው ሱሪ ማን ደፍሮ ይቀመጣል! ይልቅ የበሩን ገበር አውልቅልኝ።»

«በር ደግሞ ምን ገበር አለው?»

«ይኼ የውስጥ ሽፋኑ ገበር ካልሆነ ምንድን ነው? አውልቅ!»

በካቻቢቴ ዙሪያውን ፈልቅቆ አወለቀው። ሦስታችንም አንገታችንን ወደ ውስጥ አሰገግን። ከቀዳዳዎቹ ጀርባ ከጎማ የተቆረጠች ቁራጭ ተለጥፋለች። እትዬ በጣቷ ነካ ስታደርጋት እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረች። እዚያ ቦታ ከአባባ በቀር እጁን ያስገባ ሰው የለም። እሱም ከጀርባ ሊደግፈው አስቦ ነበር ማለት ነው! እትዬ ፍርፋሪውን መዳፏ ላይ ሰበሰበች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች። «አባባ ልብስ ሰፊ ይወጣው ነበር፤ የደጋፊው ምርጫ ብቻ ነው ያልተሳካለት» አለች።

ከዚያማ ሥራው ተጧጧፈ። እትዬ በጠመኔዋ ብረቷ ላይ ሁለት ነጥብ ምልክት አደረገች፤ መካኒኩ በሳት። ብረቷን ከላሜራው ጀርባ አስደገፈና ረጅም ብሎኖች ከውጭ አሳልፎ ከውስጥ አሰራቸው። እትዬ ከስፖኪዮው እግር ሥር ስስ ቆዳ በልኩ ቆርጣ አስገባች፤ ለካፖርት እንደምትቆርጠው በጥንቃቄ፣ ሚሊ ሳታዛንፍ። ሞተሩ ተነሳ። መካኒኩ መስታወቱን አየ፣ እትዬን አየ፣ ደግሞ መስታወቱን አየ።

«ሱሪውን ትቼዋለሁ» አለ።

ያም ሆኖ ዛሬ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ስፖኪዮውን አሥር ጊዜ ነካካሁት። ለሁለተኛው ሙከራም ከቤት ስንወጣ ደህና መስሎን ነበራ! ጋሼ ቀድሞን ደርሶ የምርመራው ጣቢያ በር ላይ ቆሟል፤ የሽያጩ ወረቀት ከደረት ኪሱ ብቅ ብሏል። መርማሪው እትዬን ሲያዩ «ደግሞ መጡ?» አሉ።

«መጣሁ።»

ሞተሩን አስነሱ። ነዳጅ ረገጡ፤ መኪናዋ አጓራች። ወጥተው ቦታውን ለእትዬ ለቀቁና ጎንበስ አሉ። ስፖኪዮውን በአውራ ጣታቸው ገፉት፤ በሩ ተነቃነቀ እንጂ ስፖኪዮው ንቅንቅ አላለም። እትዬ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ፊት ብቻ ታያለች። እኔ ትንፋሼን ውጬ ልፈነዳ ደርሻለሁ። መርማሪው የሪዛቸውን የቀኝ ጫፍ ጠመዘዙ፤ የግራውን ጠመዘዙ፤ ጠጋ አሉ።

«ይገርማል!» አሉ በመጨረሻ። «ግራው አጥሯል እኮ! ባለቤቴ ደጋግማ ስትነግረኝ አላመንኳትም ነበር።»

ማኅተሙ ዷ! አለ። ያንን ምስኪን ሰውዬ አቅፌ የሳምኩት ያኔ ነው።

ጋሼ ግን መኪናዋን ዞሮ መጣና ስፖኪዮውን በራሱ ጣት ገፋው። ደግሞ በመዳፉ ገፋው። መስኮቱ ላይ አጎንብሶ «ከሩቅ የሚመጣው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታይሻል?» አላት።

«የሸሚዝህ ቁልፍ መላላቱ ሳይቀር ታይቶኛል። ማታ አምጣው፣ እሰፋልሃለሁ» አለችው።

«በይ ክፈቺልኝ» አለና ያን ረጅም ቁመቱን አጥፎ፣ ጉልበቱ ጆሮው ጋ እስኪደርስ ተጣጥፎ፣ ከኋላ ወንበር ገባ። ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደደው። መንገድ ላይ ሳለን ለባለ ሆቴሉ ደወለና «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለአበባው ማሰሮ ቢገዙለት ይሻላል» አለው። እትዬ ያን ስትሰማ ጥሩምባዋን ሁለት ጊዜ ጲጵ ጲጵ አደረገች። እግረኛው ሁሉ ዞሮ አየን፤ እኔም በመስኮት እጄን እያወዛወዝኩ ለማላውቀው ሁሉ ሰላምታ ሰጠሁ።

አሁን የጎረቤታችን የነርሷ በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ከሥራ ገባች ማለት ነው። እሷ እኮ ገና ምንም አልሰማችም! ሌላ ሰው ቀድሞኝ ሳይነግራት... ጫማዬ የት ገባ? ይቅር፣ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ!