የጀይላን ሥዕል ሁለተኛ ዓይን

ጀይላን አብነት ሰፈር ውስጥ ታፔላ የሚጽፍ ሰው ነው። ጎሚስታው በር ላይ ያለው ጎማ፣ ሥጋ ቤቱ ላይ ያለው በሬ፣ ሁሉም የእሱ እጅ ነው።

የጎረቤታችን የእማማ ወለተሰንበት ቤት ሲፈርስ አብረን ነበርን። ዶዘሩ ግድግዳውን ነክሶ ጣለው። አልጋቸውን ሊያወጡ ሲሮጡ ቆርቆሮ ግንባራቸውን ሰነጠቀው። በደም እንደታጠቡ ጎትቶ ያወጣቸው ጀይላን ነው።

በኋላ ልደታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ገቡ።

"ግድግዳው ባዶ ነው ልጄ፣ የከተማችንን ሥዕል ሳልልኝ" አሉት።

ፎቁንም ቆርቆሮ ቤቱንም በጀርባዋ የተሸከመች ሴት ሳለ። ዶዘር ፀጉሯን ይጎትታል። ጎኗ ተቀዶ ከቁስሏ ውስጥ ጽድ በቅሏል። ሸክሙ ስላጎበጣት ፊቷ ወደ ጎን ነው፣ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። ግንባሯ ላይ የእማማ ጠባሳ አለ።

ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉ ሰው ወይ ሰይጣን ነው። ጀይላን ያደገው መስጊድ ነው፣ በምን ይወቅ?

ሥዕሉን ተሸክሞ ሲመጣ፣ እኛ ከኋላው ደረጃውን ስንወጣ፣ የእማማ ልጅ ጋሻው በር ላይ አገኘው።

"ይቺ እናቴ ናት?"

"ከተማዋም ናት፣ እሳቸውም ናቸው።"

"በአንድ ዓይን? እናቴን ሰይጣን አድርገህ ቤቷ ልትሰቅላት! አንተ የበሬ ሰዓሊ!"

"ወንድሜ ቆይ፣ ላስረዳህ..."

አፉን በቡጢ አለው። ጀይላን ወድቆም ሥዕሉን አልለቀቀም። ጋሻው ቀኝ እጁን በጫማው ረገጠው። ጣቶቹ ሲሰበሩ ሰምቻለሁ፤ አሁንም ይሰማኛል። ሮጠን ሳንደርስበት ቢላ አምጥቶ ሸራውን ተረተረው።

እማማ ከልደታ ማርያም ሲመለሱ ኮሪደሩ ላይ ደም አገኙ። ሥዕሉን አንስተው አዩት። ግንባራቸውን ዳሰሱ።

"ጋሻው፣ ቤቴ ሲፈርስ የት ነበርክ?"

ጋሻው ቢላውን ከኋላው ደበቀ።

"ጎትቶ ያወጣኝ ይሄ ልጅ ነው። አንተ ጉልበትህን ዛሬ አገኘኸው?"

ሸራውን በመርፌና በክር ራሳቸው ሰፉት። ጀይላን እጁ በጀሶ ታስሮ ሊጠይቃቸው መጣ።

"እማማ፣ አላወቅኩም ነበር። እጄ ሲድን ሌላ ልሳልልዎት።"

"ሌላ አልፈልግም። ዓይኗን ጨምርላትና ትሰቀል።"

በግራ እጁ ጀመረ። እማማ የቀለሙን ጣሳ ለጋሻው አስያዙት። አዲሱ ዓይን ስፌቱ አጠገብ ወጣ።

"ዓይኗ ተንጋደደች" አለ ጋሻው ቀስ ብሎ።

"ያንጋደድካት አንተ ነህ። ጣሳውን ቀና አድርገህ ያዝለት።"