«ሻጋታ» ብዬ የለጠፍኩት ወረቀት

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ለሚ ኩራ በተከራየነው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እጽፋለሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንዲት ቃል ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል።

ፍሬ የምንላት እህቴ ፍረወይኒ የምግብ ሳይንስ ነው የተማረችው። ትንሿን መኝታ ቤት የሥራ ክፍል አድርጋ፣ የተከካ ገብስ በእንፋሎት አብስላ ትሪ ላይ ትዘረጋና ፈንገስ ትዘራበታለች። ፈንገሱ የገብሱን ስታርች እየበላ ያድጋል። በሦስት አራት ቀን ትሪው ጥጥ የለበሰ ይመስላል። ያ ደርቆ ሲፈጭ ለአንጀት የሚስማማ ፋይበር ይሆናል።

የፈንገሱን ዘር የሰጧት አስተማሪዋ በሕይወት የሉም። የቀራት አንድ ብልቃጥ ዘር ነበር፤ እሱም ከትሪዎቹ አጠገብ ይቀመጣል። ሰኞ የዳቦ ፋብሪካ ሰዎች ሥራዋን ሊያዩ ቀጠሮ ይዘዋል።

ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው እናታችን ለስኳር ሕክምናዋ ከመቀሌ መጣች። ፍሬ «በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ጻፍልኝ» አለችኝ። «ግጥም አላልኩህም፣ ማስጠንቀቂያ።»

«ፋይበር» የሚለው ቃል ለጆሮዬ ደረቀብኝ። በትልልቁ «ነጭ ሻጋታ ነው፤ በእጅ እንዳትነኩ» ብዬ ለጠፍኩ። ፍሬ አይታው ሳቀች፤ አላነሳችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ፍሬ ሳሊተ ምሕረት ገብስ ልትገዛ ወጣች። እኔ አትላስ፣ የምሠራበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነበርኩ። እማዬ በቪዲዮ ደወለች። ፊቷ በላብ ወዝቷል፤ ደስ ብሏታል።

«ቤታችሁን አጸዳሁላችሁ። በሻጋታ ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሩት?»

ከጀርባዋ ትሪዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል። በአንድ እጇ ብልቃጡን ይዛለች፤ ክዳኑ ተከፍቷል። አጠገቧ የበረኪና ጠርሙስ ቆሟል።

«እማዬ፣ እሱን ተዪው» አልኩ።

ምስሉ ቀጥ አለ። ፈገግ እንዳለች፣ ብልቃጡን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል አልገባም አለኝ። ፊት ለፊቴ አንድ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ቁልፍ ይጠብቃል። አለቃዬን ለምኜ ወጣሁ። የተሳፈርኩበት ታክሲ ጉርድ ሾላ ላይ በመኪና ሰልፍ ተይዞ ቆመ። ስልኬን እያየሁ ከመቀመጥ በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ስደርስ ብልቃጡ ታጥቦ መስኮቱ ላይ ተደፍቷል። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹም ጆንያቸውን ሞልተው ሄደዋል።

«ማስጠንቀቂያውን አላነበብሽውም?»

«አነበብኩት እንጂ። በእጄ መች ነካሁት? ፌስታል አጥልቄ ነው የጠራረግኩት።»

ፍሬ ገብሱን ተሸክማ ገባች። ትሪዎቹን አየች፤ ብልቃጡን አየች። ገብሱን አውርዳ፣ ወረቀቴን ከበሩ ላጠችና አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ለእናታችን ቀስ ብላ ምን እንደነበረ አስረዳቻት፤ ለስኳሯ እንዲረዳት ከምትሠራው ለእሷም ልትሰጣት አስባ እንደነበር ጭምር።

እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጆቿን አየች።

«ታዲያ እርሾ ነው አትሉኝም?» አለች። «እርሾ ብትሉኝ ከድኜ እጠብቅላችሁ ነበር።»

ሰኞ ሰዎቹ መጡ። ባዶ ትሪ አይተው፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

ፍሬ እስከ ዛሬ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። እማዬ ግን ከመቀሌ በደወለች ቁጥር፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «እርሾው ተገኘ?» ትለኛለች።

«እየፈለግን ነው» እላታለሁ። የት እንደሚፈለግ ግን አላውቅም።